በመዝገብ ላይ ያለው አጥር

ጸሐፊዋ መስኮቱን የከፈተችው የጠረጴዛ መወልወያዋን ለማራገፍ እንጂ ሰው ለማየት አልነበረም። ግን አየች። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ መንገዱ ዳር በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ጭቃ ላይ የወደቀ የአንዲት ሕፃን ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ ገጽ በገጽ በሸሚዙ እጅጌ ይጠርግላታል። ጠርጎ እፍ ይላል፤ እፍ ብሎ ይገልጣል። ሕፃኗም ማልቀሷን ረስታ አብራው እፍ ትላለች። ግራ እጁ ደግሞ ሥራ አልፈታም። ረጅም ዱላውን እንደ መዝጊያ አግድሞ፣ ከኋላው የተኮለኮሉት ልጆች ወደ መንገዱ እንዳያልፉ ይዟቸዋል። ጠጠር የጫነ መኪና መሬቱን እያንቀጠቀጠ መጣና አለፈ። ካለፈ በኋላ ዱላው ወረደ።

ልጆቹ አባ ቁም ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ “ቁም፣ ቁሚ” ሲል ስለሚውል ነው። ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ዱላውን ማን እንደሚይዘው የሚያውቅ የለም። ትምህርት ቤቱ አጥር የለውም፤ ኖሮትም አያውቅም። በአንድ በኩል አራት መቶ ልጆች፣ በሌላ በኩል የጠጠር መኪኖች፣ መካከል ላይ አባ ቁም። ጸሐፊዋ “ተመስገን፣ ዛሬም ነጋልን” ብላ መስኮቱን ዘጋች።

በዚያው ጠዋት ከወረዳው የትምህርት ቤቶች ግንባታ ቢሮ አንድ ባለሙያ መጣ። ሹፌሩ ከአስፋልቱ ታጥፎ፣ ሜዳውን በቀጥታ አቋርጦ፣ መኪናውን እስከ ቢሮው ደረጃ ድረስ አስጠጋለት። ባለሙያው መንገዱን ሙሉ ወረቀቱ ላይ እንዳቀረቀረ ነበር። ጫማው አዲስ ስለሆነ ጭቃውን ሳይረግጥ ከመኪናው ደረጃ ወደ ቢሮው ደረጃ ዘለለ፤ ከደረጃው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ እንደገና አቀረቀረ።

[የትምህርት ቤቱ ቢሮ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት። ባለሙያው ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቷል። አባ ቁም የእንግዳ መዝገብ ዘርግቶ ፊቱ ቆሟል። ጸሐፊዋ በጥጓ ተቀምጣለች።]

አባ ቁም፦ ሦስት ሰዓት ከአሥር ነው፣ ጌታዬ።

ባለሙያው፦ ሦስት ሰዓት ነው አልኩዎት እኮ፣ አባባ።

አባ ቁም፦ የግድግዳው ሰዓት ከአሥር ይላል።

ባለሙያው፦ የግድግዳው ተሳስቷል።

አባ ቁም፦ እሱ ከተሳሳተ ደወሉም ተሳስቷል። ደወሉ ከተሳሳተ አራት መቶ ልጅ ተሳስቷል። እርስዎ አንድ ነዎት።

ባለሙያው፦ እኔ የተማርኩት ልኬት ነው። ሰዓትም ልኬት ነው።

አባ ቁም፦ እሺ፤ “የገባው ሦስት ሰዓት፣ የታየው ከአሥር” ብዬ ልጻፈው?

ባለሙያው፦ አሥሩን ደቂቃ የት ነበር ሊሉኝ ነው?

አባ ቁም፦ እኔም እሱ ነው የጨነቀኝ።

ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ተስማሙ። ባለሙያው ፈረመ። ርዕሰ መምህርቷ ስብሰባ ሄዳ ነበርና፣ ስለ አጥር የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አባ ቁምን ይጠይቅ፣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም ብላ ነበር የሄደችው። ጸሐፊዋ ይህንኑ ነገረችው። ባለሙያው ዘበኛውን ከእግር እስከ ራሱ ሳያይ፣ በድምፁ ብቻ መዝኖ፣ ይሁን አለ።

ከዚያም ስለ አጥር ትምህርት ሰጣቸው። የግንብ አጥር፣ የሽቦ አጥር፣ የቆርቆሮ አጥር፤ የትኛው ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ የትኛው በነፋስ እንደሚጮህ። ለአጥር የሚመደበው የመንግሥት ገንዘብም ለሁሉም እንደማይዳረስ፣ ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው በነጥብ እንደሆነ፣ ነጥቡን ያወጣው ኮሚቴ ውስጥ እሱም እንደነበረበት አልሸሸገም። ካቻምና ተራው ምንም አጥር የሌላቸው ትምህርት ቤቶች ነበር፤ ሠላሳ አንድ ትምህርት ቤት ታጠረ፤ ያ ዝርዝር ተዘጋ። ዘንድሮ ተራው ያረጁ አጥሮች ነው፤ ሰማንያ ነጥብ ያመጣ ያረጀ አጥር በአዲስ ይተካል።

ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ካቻምና የእኛ ለምን አልገባም ብላ ጠየቀችው።

ባለሙያው፦ እናንተማ አጥር አላችሁ፣ እህቴ። [ከቦርሳው ወረቀት አወጣ] በየዓመቱ የላካችሁት የንብረት ዝርዝር ይኸው። “አጥር፦ አለ።” አሥራ አንድ ጊዜ።

የጸሐፊዋ እጅ ጠረጴዛው ላይ ቀረ። ጽሑፉ የእሷ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የነበሩት ርዕሰ መምህር የንብረት ዝርዝሩን ሲያስሞሏት፣ ቢሮው አንዲት ሳጥን ባዶ ከሆነች ቅጹን በሙሉ ስለሚመልሰው፣ “አጥር” የሚለው ላይ ሲደርሱ ተጨነቁ። በመስኮት ሲመለከቱ አዲሱ ዘበኛ ዱላውን አግድሞ ልጆች ያቆማል። “አጥር፦ አለ። ብዛት፦ አንድ። መግለጫ፦ ዘበኛው። ብለሽ ጻፊ” አሏት። ጻፈች። መግለጫው በትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ቀረ፤ ወደ ቢሮው የሚሄደው ወረቀት ላይ ለመግለጫ ቦታ የለም፤ “አለ” ብቻ ሄደ። በየዓመቱም እሷው ገለበጠችው።

ርዕሰ መምህሩ ዘበኛውን አስጠርተው፣ ከዛሬ ጀምሮ በመንግሥት መዝገብ ላይ አጥሩ አንተ ነህ ብለው ነገሩት። እሳቸው እየሳቁ ነበር፤ እሱ አልሳቀም። ሹመት ነው ብሎ ተቀበለው። ሌላም ነገር አስተምረውት ነበር፤ ለመንግሥት ወረቀት ቃል ስትሰጥ “እኔ” አትበል፣ ወረቀት “እኔ” አይወድም፣ እንደ ሌላ ሰው ሆነህ ተናገር ብለውት ነበር።

ጸሐፊዋ ይህን ልትናገር አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ባለሙያው፣ አጥር የሌላቸው ዝርዝር እንደገና የሚከፈተው እነዚህ ልጆች ልጅ ወልደው ሲያስመዘግቡ ነው አለ። አፏ ተመልሶ ተዘጋ። ዝምታዋ ኃጢአት ይሁን ጸሎት ለጊዜው አልለየላትም።

ባለሙያው ቅጹን ወደ እሷ ገፋላት። የእሱ ጽሑፍ ለራሱም እንደማይነበብለት፣ እሷ እንድትጽፍ፣ እሱ እየጠየቀ ነጥቡን እንደሚይዝ ነገራት። የነጥብ ሠንጠረዡን ዘረጋ፤ ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከሠንጠረዡ አላነሳም።

ባለሙያው፦ አንድ። አጥሩ እዚህ ከቆመ ስንት ዓመት ሆነው?

አባ ቁም፦ ለመዝገቡ ነው?

ባለሙያው፦ ለመዝገቡ ነው።

አባ ቁም፦ [የኮቱን ቁልፎች ቆልፎ፣ ወንበር ስቦ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ] አሥራ አንድ ዓመት ከሦስት ወር።

ባለሙያው፦ ሲመጣ አዲስ ነበር?

አባ ቁም፦ አዲስስ አልነበረም። ከዚያ በፊት እህል መጋዘን ቆሟል።

ባለሙያው፦ ያገለገለ ዕቃ። አውቄዋለሁ። እህቴ፣ “ያገለገለ” ብለው ይጻፉ። ቁመት?

አባ ቁም፦ አንድ ሜትር ከስድሳ ስምንት። ኮፍያ ሲደረግበት ሰባ ሁለት።

ባለሙያው፦ ኮፍያ አይባልም፣ ክዳን ነው የሚባለው። ዝናብ እንዳያርሰው ከላይ የሚደፋበት ነው።

አባ ቁም፦ ለዝናብም ለፀሐይም ነው።

ባለሙያው፦ መስፈርቱ ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። በጣም አጭር ነው ይሄ።

አባ ቁም፦ [አንገቱን ደፍቶ] ከጥንትም አጭር ነው። እናቱም አጭር ነበረች።

ባለሙያው፦ እናት አጥር ማለትዎ ነው፤ የመጋዘኑ ዋናው። እኛም እንደዚያ እንለዋለን። ከምን ተሠራ?

[አባ ቁም ግራ ተጋብቶ ወደ ጸሐፊዋ ተመለከተ። ጸሐፊዋ ወደ ወረቀቷ።]

አባ ቁም፦ ከአፈር ነዋ።

ባለሙያው፦ ከአፈር? በዚህ ዘመን?

አባ ቁም፦ በየትኛውም ዘመን፣ ጌታዬ። ሁሉም ከአፈር ነው።

ባለሙያው፦ ሁሉም? የአካባቢው በሙሉ?

አባ ቁም፦ የአካባቢውም፣ የእናንተም ቢሮ።

ባለሙያው፦ የእኛ ቢሮ እንኳ በብሎኬት ነው። “ጭቃ” ብለው ይጻፉ፣ እህቴ። አሥራ አምስት ነጥብ።

ጸሐፊዋ “ከአፈር” ብላ ጻፈች። ሌላ ቃል ልትጽፍ እጇ እምቢ አላት።

ባለሙያው፦ ዘመም ብሏል?

አባ ቁም፦ ወደ ግራ። ጉልበቱ ነው። በክረምት ይብስበታል።

ባለሙያው፦ ጉልበት የሚሉት መሠረቱን ነው። እርጥበት ስቧል። ጥገና ተደርጎለት ያውቃል?

አባ ቁም፦ ባለፈው ክረምት መርፌ ተወግቷል።

[ባለሙያው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዓይኑን ግን አላነሳም።]

ባለሙያው፦ በመርፌ? መሠረቱ ላይ?

አባ ቁም፦ ጉልበቱ ላይ። ሦስት ጊዜ።

ባለሙያው፦ አባባ፣ ይህ ሲሚንቶ በግፊት በመርፌ ወደ መሠረት የሚሰደድበት አሠራር ነው። በወረቀት አንብቤዋለሁ እንጂ በዚህ ወረዳ ተሠርቶ አላየሁም። ማን ሠራላችሁ?

አባ ቁም፦ አንዲት ልጅ ናት። እጇ ቀላል ነው፤ ሳያምም ነው የምትጨርሰው።

ባለሙያው፦ ሴት ተቋራጭ። ሁለት ነጥብ ይጨመራል። ከላይ በኩል የወላለቀ ነገር አለ?

አባ ቁም፦ ሁለት ጥርስ። ፊት ለፊት።

ባለሙያው፦ ሹል ብረቶቹን ነው። ማታስ?

አባ ቁም፦ ማታ ጋደም ይላል።

ባለሙያው፦ በየማታው? ጠዋት ማን ያነሳዋል?

አባ ቁም፦ የዘበኛው ሚስት።

ባለሙያው፦ የእርስዎ ባለቤት? ብቻዋን?

አባ ቁም፦ ብቻዋን። አንዳንድ ቀን እየተቆጣች ነው፣ ግን ታነሳዋለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም።

ባለሙያው በመደነቅ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ የኅብረተሰብ ተሳትፎ በሥራ ዘመኑ እንዳላጋጠመው፣ ሴትየዋም ከቢሮው የምስጋና ወረቀት እንደሚገባት ተናገረ። አባ ቁም፣ ወረቀቱን ብታገኝ ደስ እንደሚላት፣ ግን ማንበብ ስለማትችል እሱ እንደሚያነብላት፣ ያኔ ደግሞ የራሱን ስም ጨምሮ እንዳነበበ እንደምትጠረጥረው በትሕትና አስረዳ። ጸሐፊዋ መሐረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳል አስመሰለች።

ባለሙያው፦ ጥያቄ አሥራ አራት። አጥሩ ላይ የደረሰ አደጋ?

[አባ ቁም ዱላውን ከጎኑ አንስቶ ጉልበቶቹ መካከል አቆመው።]

አባ ቁም፦ አምና፣ በዝናቡ ወር። የጠጠር መኪና ፍሬኑ እምቢ አለው።

ባለሙያው፦ መታው?

አባ ቁም፦ ትከሻው ላይ። በጎን መስታወቱ።

ባለሙያው፦ ወደቀ?

አባ ቁም፦ ወደቀ። ግን ወደ መንገዱ በኩል ነው የወደቀው፤ ወደ ልጆቹ አልወደቀም።

ባለሙያው፦ ስንት ልጆች ነበሩ?

አባ ቁም፦ አሥራ አራት። አንደኛ ክፍሎች። መዝሙር እየዘመሩ ነበር፣ መኪናውን አልሰሙትም። አሁንም አያውቁም።

ጸሐፊዋ ያን ቀን ታስታውሳለች። ማታውን የተንበረከከችበት ምንጣፍ ላይ የጉልበቷ ምልክት ቀርቷል። ባለሙያው ነጥቡን ሲጽፍ ቀስ ብሎ ነበር የጻፈው፤ ሃያ፣ ሙሉውን።

ባለሙያው፦ የመጨረሻው። ቀሪ ዕድሜ?

አባ ቁም፦ እሱን ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

ባለሙያው፦ በግምት፣ አባባ።

አባ ቁም፦ በፈጣሪ በኩል ግምት የለኝም። በመንግሥት በኩል ሁለት ወር።

ባለሙያው፦ ሁለት ወር። [ደመረ። እንደገና ደመረ] ዘጠና ስድስት። እህቴ፣ ዘጠና ስድስት ነው። ከወረዳው አንደኛ ናችሁ።

ወዲያው ስልኩን አንስቶ ለአለቃው ነገረው። በሥራ ዓለም እንዲህ ያረጀ፣ እንዲህ የዘመመ፣ እንዲህም ሆኖ ያገለገለ አጥር አላየሁም አለ። ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ በርቶ ነበር። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ከፊርማው በላይ “አጥሩን በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ” የሚል መስመር አለ። ባለሙያው ሳያነበው ፈረመ።

አባ ቁም፦ ይቅርታ፣ ጌታዬ። “በዓይኔ አይቼ” ይላል።

ባለሙያው፦ ይላል።

አባ ቁም፦ በደንብ አይተውታል?

ባለሙያው፦ አይቼዋለሁ። ሲገቡ ሲወጡ የሚታይ ነገር ነው።

አባ ቁም፦ አንድም ጊዜ ዓይንዎን አላነሱም እኮ። ኋላ በእርስዎ ላይ እንዳይመጣ። [ተነሳ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ ወደ ግራ ዞረ] በዚህ በኩል ነው የዘመመው። ጥርሱ ደግሞ ይኸው።

ባለሙያው፦ [ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ] ምን እያደረጉ ነው፣ አባባ?

አባ ቁም፦ እያሳየሁዎት ነው።

ባለሙያው፦ ምኑን?

አባ ቁም፦ አጥሩን።

ባለሙያው ወደ ጸሐፊዋ ዞረ። ጸሐፊዋ ከዚህ በላይ ዝም ማለት እንደማይቻላት ገባት። ተነስታ ከመደርደሪያው የንብረት መዝገቡን አወረደች፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተጻፈውን ገጽ ገልጣ ፊቱ አኖረችው። “አጥር፦ አለ። ብዛት፦ አንድ። መግለጫ፦ ዘበኛው።” የእጅ ጽሑፉ የእሷ እንደሆነ፣ ቢሮው ባዶ ሳጥን ስለማይቀበል እንደተጻፈ፣ ቅድም ልትናገር ፈልጋ እንደፈራች፣ ጥፋት ካለ ጥፋቱ የእሷ እንጂ የሽማግሌው እንዳልሆነ ነገረችው። ባለሙያው ተነስቶ መስኮቱን ከፈተ። ሜዳ ነው። ከሜዳው ቀጥሎ መንገድ ነው። በሜዳው ላይ የመኪናው ጎማ ከአስፋልቱ እስከ ደረጃው ድረስ ያሰመረው ሁለት መስመር አለ። አንድ የጠጠር መኪና አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ።

ባለሙያው፦ መርፌውስ?

አባ ቁም፦ ነርሷ ናት የወጋችኝ።

ባለሙያው፦ ከአፈር ነው ሲሉኝ?

አባ ቁም፦ ታዲያ ከምን ልበል?

[ባለሙያው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ቅጹን ሊቀደው ያዘ።]

አባ ቁም፦ ይቅደዱት፣ ጌታዬ። በስህተት ገብቼ ከሆነ በስህተት አልቆምም። ብቻ የነገርኩዎት ውስጥ ውሸት እንዳለ ይንገሩኝ። አንዷን።

ባለሙያው መልስ ሲፈልግ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበ። ዓመቱ ልክ ነው፤ ቁመቱ ልክ ነው፤ ጉልበቱ፣ ጥርሱ፣ ሚስቱ፣ መኪናው። ከዚያ የቢሮውን መመሪያ አውጥቶ፣ ራሱ ኮሚቴ ሆኖ ያጸደቀውን፣ አንብቦት የማያውቀውን ሁለተኛ ገጽ ገለጠ። “አጥር ማለት ከየትኛውም ቁሳቁስ ቢሠራ፣ ቆሞ ከውጭ የሚመጣን አደጋ የሚከላከል፣ ከውስጥ የሚወጣውንም የሚገታ ማናቸውም ነገር ነው” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበበው። ጸሐፊዋ፣ እውነቱን በአስተያየት ቦታ እንጻፈውና ነጥቡን እነሱ ያጽድቁት ወይም ይሰርዙት ስትል፣ የሚሻል ነገር አላገኘም። ስልኩን አነሳ።

ባለሙያው፦ [በስልክ] ጌታዬ፣ ያ ቅድም አንደኛ ያልነው አጥር... አዎ፣ የአፈሩ። አይ፣ ጭቃ አይደለም። ሰው ነው... ሰው፣ ጌታዬ... አንድ... አይ፣ ሥዕል አይደለም፣ በሕይወት አለ፣ ፊት ለፊቴ ቆሟል... አዎ፣ ፈርሜያለሁ... አይ፣ በዓይኔ አላየሁም ነበር... አሁን አይቼዋለሁ። ዘጠና ስድስቱ ልክ ነው... ሁለት ወር... ከእሱ ኋላ? [ወደ መስኮቱ ተመለከተ] ማንም የለም፣ ጌታዬ። ልጆቹ ብቻ።

አለቃው ሲናገር ድምፁ እስከ ጸሐፊዋ ጥግ ድረስ ተሰማ፤ ቁጣ አልነበረበትም። እውነቱን ሳታሳምር ጻፍ፤ ኮሚቴው ፊት እኔው ራሴ እይዘዋለሁ፤ ይህ ካልተተካ የሚተካ አጥር የለም አለ። ጸሐፊዋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። አለቃው ግን አልጨረሰም። ባዶ ሳጥን አንቀበልም ያልነው ለሁሉም ትምህርት ቤት ነው፤ እስኪ የትናንቱን ቅጽ አንብብልኝ አለው።

ባለሙያው ከቦርሳው የትናንቱን አወጣ። ዓይኑ መስመሩ ላይ ሮጠ፤ ቆመ። ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ አባ ቁም ጠጋ አለ።

ባለሙያው፦ አባባ፣ ትናንት አንድ ትምህርት ቤት “አጥሩ ሁለት ልጆች አሉት” አሉኝ።

አባ ቁም፦ ምን ብለው ጻፉት?

ባለሙያው፦ አነጋገር አያውቁም ብዬ፣ “ሁለት የጎን በሮች” ብዬ አረምኩላቸው።

አባ ቁም፦ ልጆቹ ስንት ክፍል ደረሱ አሉ?

ባለሙያው፦ አንዷ ልታገባ ነው ብለውኝ ነበር። “በቅርቡ ይነቀላል” ብዬ ጻፍኩት።

አባ ቁም አልሳቀበትም። ከጠረጴዛው ላይ ያለውን የውኃ ጠርሙስ አንስቶ በብርጭቆ ቀዳለት። ጠጣ ልጄ፣ ነገ ተመልሰህ ታርመዋለህ፣ ሰው ሳያይ የፈረመ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም አለው። ባለሙያው ጠጣ። ከዚያ ጸሐፊዋ የአስተያየቱን ቦታ ጻፈች፤ እሱ እየተናገረ፣ እሷ እያስተካከለች። “ይህ አጥር ሰው ነው። አሥራ አንድ ዓመት ቆሟል። አደጋው ሲመጣ ወደ ልጆቹ አልወደቀም። ከሁለት ወር በኋላ ቦታው ባዶ ይሆናል።” ማኅተሙ ተመታ።

ባለሙያው፦ አንድ ነገር ቀርቷል። በሁሉም ቅጽ ግርጌ የታተመ ነው፤ ለባለንብረቱ ይነበብለታል፣ አይሰረዝም። [አነበበ] “አዲሱ አጥር እንደቆመ አሮጌው ይነሳል፤ ፍርስራሹም በአሥር ቀን ውስጥ ከግቢው ይወገዳል።”

[ውጭ የዕረፍት ደወል ተደወለ። አባ ቁም ኮፍያውን አድርጎ፣ ዱላውን ይዞ ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ቆመ። ወደ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ተመለሰ።]

አባ ቁም፦ ልጄ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። አስተያየት የሚለው ቦታ ሞልቷል?

ጸሐፊዋ፦ ሁለት መስመር ቀርቷል፣ አባባ።

አባ ቁም፦ እንግዲያው ጻፊልኝ። አሮጌው አይወገድ በይልኝ። ቦታ አይሻማም፤ መግቢያው አጠገብ አንዲት ድንጋይ ትበቃዋለች። ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ገብተው እስኪያልቁ፣ አዲሱን ተደግፎ ይቀመጥ።